ዱላው ሳይሆን ዳሌው

የጎልፍ ምትዎ አልቀና ሲል አስቀድመው የሚጠረጥሩት እጅዎን፣ ቀጥሎም ዱላውን ነው። ዱላ ግን ውድ ነው። አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ዳሌዎን ይፈትሹ።

የምቱ ጉልበት የሚነሳው ከእግር ነው፤ በዳሌ፣ በደረትና በክንድ አልፎ ዱላው ጫፍ ይደርሳል። ቀኝ እጅ ተጫዋች ሲመታ ክብደቱ ወደ ግራ እግሩ ይሻገርና ሰውነቱ በግራ ዳሌው ላይ ይዞራል። ዳሌው አልዞር ካለ ሰውነት ሥራውን ለወገብ ወይም ለጉልበት ያሸክማል። የታችኛው ወገብ አጥንቶች ደግሞ ጎንበስ ቀና ለማለት እንጂ ለመጠማዘዝ እምብዛም አልተሠሩም። በጎልፍ ተጫዋቾች ዘንድ የወገብ ሕመም የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። እንደ እኛ ሳምንቱን በቢሮ ወንበር አሳልፎ ቅዳሜ ሜዳ ለሚወጣ ሰው ነገሩ ይብሳል።

ታይገር ዉድስን ይመልከቱ። በፈረንጆቹ 2008 የአሜሪካ ኦፕንን ሲያሸንፍ የግራ ጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ነበር፤ በ2017 የወገቡ አጥንቶች በቀዶ ሕክምና እንዲጣበቁ ተደረገ። በ2019 ተመልሶ ማስተርስን አሸነፈ፤ እኛ ግን የእሱ ሐኪሞች የሉንም።

ፍተሻው ቀላል ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጭንዎ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ ከጉልበት በታች ያለውን የግራ እግርዎን ወደ ውጭ በኩል ያውጡ። ቀኙንም እንዲሁ። ልጆችዎም ይሞክሩት፤ የእነሱ የት ድረስ እንደሚሄድ ሲያዩ ይገረማሉ። የእርስዎ ግራ እግር ብዙ ካልሄደ ምትዎን የሚያሰናክለው እሱ ሊሆን ይችላል። ዳሌው እስኪፍታታ ድረስ ለምት ሲቆሙ የግራ እግርዎን ጣቶች ጥቂት ወደ ኳሱ መሄጃ ያዙሩ፤ ዳሌው ላይ የሚወድቀው ጫና ይቀንሳል። የሚያምዎ ከሆነ ግን ከሜዳው በፊት ወደ ፊዚዮቴራፒስት ይሂዱ።