ያውቁ ኖሯል? ወንድም ወይም እህትን ያለ ጠበቃ ወደ አሜሪካ ስለመውሰድ

ያውቁ ኖሯል? በአሜሪካ ለወንድም ወይም ለእህት ማመልከት የሚችለው ዜግነት ያለውና 21 ዓመት የሞላው ሰው ብቻ ነው። ግሪን ካርድ አይበቃም።

ማመልከቻው ፎርም አይ-130 ይባላል። ፎርሙ በአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል፤ ክፍያው ሲያስገቡት ነው፤ ከኤፕሪል 2024 ወዲህ በኦንላይን 625፣ በወረቀት 675 ዶላር። ሦስት እህቶች ካሉዎት ሦስት ፎርም፣ ሦስት ክፍያ ነው። የእህትዎ ባልና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ያላገቡ ልጆቿ ግን በእሷው ፎርም ይካተታሉ። አንድም ልጅ ሳያስቀሩ ይጻፉ።

ጠበቃ መያዝ ግዴታ እንዳልሆነስ? ጠበቃ ካልያዙ ግን ይጠንቀቁ፤ አሜሪካ ውስጥ ኖተሪ ጠበቃ አይደለም፤ ፎርም ሞልቶ የሚያስከፍል ሰውም እርስዎ የነገሩትን ከመጻፍ ያለፈ የሕግ ምክር ሊሰጥ አይፈቀድለትም። ወንድምዎ ከአሜሪካ ተባርሮ ከነበረ፣ የወንጀል መዝገብ ካለበት ወይም በጉዲፈቻ ያደገ ከሆነ ግን ለጠበቃ የሚወጣው ገንዘብ አይቆጭም።

ዋናው ማስረጃ የዜግነት ወረቀትዎና የሁለታችሁ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። በሁለቱም ላይ የጋራ ወላጅ ስም መታየት አለበት። በእናት ብቻ የምትገናኙ ከሆነ የአባት ስማችሁ ስለሚለያይ የእናት ስም በሁለቱም ላይ ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት ይሁን። በአባት ብቻ ከሆነ አባታችሁ ከሁለቱም እናቶች ጋር የተጋባበት ማስረጃ ይጠየቃል።

ብዙ ፋይል የሚያጓትተው ደግሞ የዘመን አቆጣጠር ነው። የልደት ቀንን ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓውያኑ ሲቀይሩ በሁሉም ላይ 7 ዓመት የሚደምሩ አሉ፤ ስህተት ነው። መስከረም 5 ቀን 1985 የተወለደች እህት በአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1992 ነው የተወለደችው። ጥር 21 ቀን 1985 የተወለደ ወንድም ግን ጃንዋሪ 29 ቀን 1993 ይሆናል፤ የተደመረው 8 ነው። ፓስፖርቱ አንድ ቀን፣ የልደት ወረቀቱ ሌላ ቀን ከሆነ ፎርሙ ሳይገባ አሁኑኑ ያስተካክሉ። ከዓመታት በኋላ ኢንተርቪው ላይ መጠየቅ የማይቀር ነው።

በኢትዮጵያ ዘመናዊው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደና የልደት ወረቀት ሊገኝለት ላልቻለ ሰው የክርስትና ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብና ልደቱን የሚያውቁ የሁለት ሰዎች ቃለ መሐላ በደጋፊ ማስረጃነት ሊቀርቡ ይችላሉ።

ከአማርኛ ለተተረጎመ ሰነድ የኖተሪ ማኅተም አያስፈልግም። ተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ ሙሉና ትክክል መሆኑን ጽፎ ይፈርማል፤ በቃ።

ወረፋው ረጅም ነው፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። ለእህትና ለወንድም በሕግ የተመደበው ቪዛ በዓመት ለዓለም ሁሉ 65,000 ነው፤ ቤተሰባቸውም የሚቆጠረው ከዚሁ ላይ ነው። በአውሮፓውያኑ 2025 ተራ የደረሳቸው ከ17 ዓመት በፊት ገደማ የገቡ ማመልከቻዎች ነበሩ። ተራው የሚቆጠረው መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻውን ከተቀበለበት ቀን ነው፤ ፎርሙ ጸድቆ መምጣቱ ተራ ደረሰ ማለት አይደለም። ማመልከቻው የደረሰበት ቀን ፕራዮሪቲ ዴት ይባላል፤ በየወሩ ከሚወጣው ቪዛ ቡለቲን ጋር ያስተያዩታል። ኢትዮጵያ የራሷ ዓምድ ስለሌላት የሚያዩት የአጠቃላዩን ዓምድ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ልደላደልና አስገባለሁ» እያሉ ማቆየት ወንድምን ይጎዳል፤ የገቢ ማስረጃ እንደሆነ የሚጠየቀው ተራው ሲደርስ ነው። ያኔም ገቢዎ ካልበቃ ሌላ ሰው አብሮ ስፖንሰር መሆን ይችላል።

አድራሻና ስልክ ሲቀይሩ ማሳወቅዎን አይርሱ። ተራው ደርሶ ቪዛው ክፍት መሆኑን የሚገልጸው ደብዳቤ የድሮ ቤት ሄዶ አንድ ዓመት ያለ ምላሽ ካለፈ ጉዳዩ ሊሰረዝ ይችላል።

የእህት ልጆች በወረፋው ውስጥ 21 ዓመት ሲያልፋቸውስ? በአውሮፓውያኑ 2002 የወጣ የልጆች ጥበቃ ሕግ አለ። ፎርሙ ገብቶ እስኪጸድቅ የፈጀው ጊዜ ቪዛው ክፍት በሆነበት ቀን ካለው የልጁ ዕድሜ ላይ ይቀነሳል። ለማጽደቅ 8 ዓመት ፈጅቶ ልጁ በዚያ ቀን 26 ከሆነ በሕጉ 18 ነው፤ ካላገባ ከእናቱ ጋር ይሄዳል። ለዚህ ግን ቪዛው ክፍት በሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ የልጁን የቪዛ ጉዳይ ማስጀመር አለባችሁ፤ ፎርሙ የጸደቀበትን ደብዳቤም ፎርሙ ሲገባ ከተሰጠው ደረሰኝ ጋር አስቀምጡት፤ የሚቀነሰው ጊዜ የሚሰላው ከሁለቱ ነው።