ወደ ኤም አር አይ ለሚሄድ በሽተኛ ምን እንንገረው?

ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከጊንጪ ወይም ከባኮ ለከፍተኛ ምርመራ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ በሽተኛ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይሄድም። «የተማረ ነው» የተባለ ልጅ ይከተለዋል። ያም ልጅ ከእኛ ከተማሪዎች አንዱ ነው። ወረቀቱን የምናነበው፣ ኦሮምኛውን ወደ አማርኛ የምንመልሰው፣ ቅጹንም የምንሞላው እኛ ነን። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ ስለዚህ ሕክምናውን ለባለሙያው ትተን በሽተኛውና አስታማሚው ሊያውቁት የሚገባውን ብቻ እንጽፋለን።

ለመጻፍ ያነሣሣን አንድ ነገር ነው። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ወገባቸውን የሚያማቸውን አጎቱን ከጉደር ይዞ ሄደ። በቅጹ ላይ «በሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ወንድማችን አጎቱን ሳይጠይቅ «የለም» ብሎ ጻፈ። ከምርመራው ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ግን ባለሙያዋ «አባባ፣ ተመትተው ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው «ስባሪው እዚሁ አለ» አሏት። ምርመራው ቆመ። በማግስቱ ራጂ ተነሡ፤ ሐኪሙም ስባሪውን አይቶ በሌላ መንገድ እንዲመረመሩ አዘዘ። ለምን አስቀድመው እንዳልተናገሩ ሲጠየቁ «ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ወገቤ ነው» አሉ። ጥፋቱ የእርሳቸው አልነበረም።

ለመሆኑ አንዲት የብረት ስባሪ ይህን ያህል የምታስፈራው ለምንድን ነው? መሣሪያው ራሱ ታላቅ ማግኔት ስለ ሆነ ነው። የሰው አካል አብዛኛው ውሃ ነው፤ የአምቦ ውሃም ይሁን የወንዝ ውሃ፣ በውሃ ሁሉ ውስጥ ሃይድሮጂን አለ። የሃይድሮጂን አተም እምብርት እንደ ጥቃቅን ማግኔት ነው። ታላቁ ማግኔት እነዚህን ያሰልፋቸዋል፤ መሣሪያው የራዲዮ ሞገድ ልኮ ከሰልፋቸው ያናውጣቸዋል፤ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ደካማ ምልክት ይሰጣሉ፤ ኮምፒዩተሩም ምልክቱን ሰብስቦ ሥዕል ያደርገዋል። በዚህ መንገድ የመጀመሪያውን ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው አሜሪካዊው ፖል ላውተርበር ነው፤ እርሱና እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። አእምሮን፣ ኅብለ ሰረሰርንና መገጣጠሚያን ለማየት እጅግ የተመቸ ነው። ራጂና ሲቲ ስካን የሚጠቀሙበት ጨረር በዚህ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ «ጨረሩ ይጎዳኛል» ብሎ የሚፈራ ሰው በከንቱ ይፈራል።

የሚፈራው ብረት ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች 1.5 ቴስላ ኀይል አላቸው፤ ይህም ኮምፓስን ከሚያዞረው ከምድር ማግኔት በብዙ ዐሥር ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ማግኔቱም በሽተኛ ባይኖርም፣ ሌሊትም ቢሆን ይሠራል እንጂ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2001 በኒው ዮርክ ግዛት አንድ የስድስት ዓመት ሕፃን በመመርመር ላይ ሳለ ወደ ክፍሉ የገባ የብረት የኦክሲጅን ሲሊንደር በማግኔቱ ተስቦ መትቶ ገድሎታል።

እንግዲህ ቅጹን ከመሙላታችን በፊት በሽተኛውን በሚገባው ቋንቋ፣ አንድ በአንድ፣ እንዲህ ብለን እንጠይቅ፦

አንደኛ፤ ልብዎ ላይ የተተከለ መሣሪያ አለ? በራስዎ ወይም በጆሮዎ ውስጥስ?

ሁለተኛ፤ ጥይት ወይም ስባሪ በሰውነትዎ ቀርቷል? የብየዳ ሥራ ሠርተው ያውቃሉ? ዐይን ውስጥ የቀረች ቅንጣት ብረት ከተንቀሳቀሰች ዐይን ልታጠፋ ትችላለች።

ሦስተኛ፤ ለተሰበረ አጥንት ብረት ገብቶልዎታል? ይህ ብዙ ጊዜ ምርመራውን አይከለክልም፤ ነገር ግን መነገር አለበት። የቀዶ ሕክምናው ወረቀት ካለ ይምጣ።

አራተኛ፤ ሴት ከሆነች እርጉዝ ነሽ? ሉፕ አለሽ? ይህን በግል እንጂ በሰው ፊት አንጠይቅ።

አምስተኛ፤ የኩላሊት ሕመም አለ? አንዳንድ ጊዜ ሥዕሉ እንዲጠራ ጋዶሊኒየም ያለበት መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣልና።

የአንገት መስቀል፣ ክታብ፣ ሳንቲም፣ ቀበቶ፣ ሞባይል፣ የባንክ ካርድና መርፌ ቁልፍ ከውጭ ይቀራሉ። የአስታማሚውም እንዲሁ። የአንገትና የድድ ንቅሳትም ቢኖር ይነገር።

ከዚያ በኋላ በሽተኛው በጠባብ ዋሻ መሳይ ቦታ ጋደም ይላል። ቆርቆሮ በመዶሻ እንደሚደበደብ ያለ ጩኸት ይሰማል፤ ጆሮ መከለያ ይሰጠዋል። ጩኸቱ የመበላሸት ምልክት አይደለም። ጊዜው ከሩብ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሊደርስ ይችላል፤ ከተነቃነቀ ሥዕሉ ይበላሻል። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ከሆነ አስቀድሞ ይናገር። ባለሙያው ከመስታወቱ ማዶ ያየዋል፤ ሲጨንቀው የሚጫነውም መጥሪያ በእጁ ይሰጠዋል። ምግብና የዘወትር መድኃኒት ግን ባለሙያው ካላዘዘ በገዛ እጁ አያቋርጥ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ነገር ግን ያልተጠየቀ ሰው ደበቀ አይባልም። ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ እነዚህን ጥያቄዎች በኦሮምኛም በአማርኛም ጽፋችሁ ያዙ። ቅጹ ላይ «የለም» ብለን ከመጻፋችን በፊት ባለቤቱን እንጠይቅ።