ምርቃና ከነርቭ ሕዋሳት ጎተራ የሚወሰድ ብድር

ከድሬዳዋ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐርላ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በተካሄደ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ በተገኙ የጥንታዊ መስጊድና የንግድ ከተማ ቅሪቶች በዓለም ዙሪያ ስሟ ተሰምቷል። በዘመናችን ከድሬዳዋና ከሐረርጌ ገጠሮች ወደ ገበያ ከሚወጡት ዋና ዋና ምርቶች አንዱ ግን ጫት ነው።

ቅጠሉ ሳይጠወልግ በርጫ ላይ ወደሚቀመጠው ሸማች እንዲደርስ ገበሬው፣ ነጋዴውና ሾፌሩ ይጣደፋሉ። የዚህ ጥድፊያ ምክንያት፣ ቃሚው "ምርቃና" የሚለው ንቃትና ከዚያ በኋላ የሚከተለው ድካም ሁሉም ከነርቭ ሕዋሳት አሠራር ጋር የተያያዙ ናቸው።

የሰው ልጅ አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉት ይገመታል። አንድ የነርቭ ሕዋስ በአብዛኛው መልዕክት የሚቀበልባቸው በርካታ ቅርንጫፎች፣ የደረሰውን ሁሉ የሚያመዛዝን ዋና አካልና መልዕክቱን ወደ ሌላ ሕዋስ የሚያደርስ አንድ ረጅም ክር አለው። ከወገብ ተነስቶ እስከ እግር የሚዘልቀው ክር ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል ይደርሳል።

መልዕክቱ በክሩ ላይ የሚጓዘው በኤሌክትሪክ መልክ ነው። በሕዋሱ ሽፋን ላይ የሚገኙ ጥቃቅን ፓምፖች ሦስት የሶዲየም ቅንጣቶችን ወደ ውጭ ባወጡ ቁጥር ሁለት የፖታሲየም ቅንጣቶችን ወደ ውስጥ ያስገባሉ። ሕዋሱ በዕረፍት ላይ ሳለ ውስጡ ከውጭው ይልቅ 70 ሚሊቮልት ያህል ዝቅ ያለ ኃይል የሚይዘው በዚህ የቅንጣቶች አለመመጣጠን ሳቢያ ነው። በቂ መቀስቀሻ ሲደርስ በሽፋኑ ላይ ያሉት በሮች ይከፈቱና ሶዲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል። ይህም ቀጣዩን በር እያስከፈተ እንደ ሰደድ እሳት እስከ ክሩ ጫፍ ይዘልቃል። ቅባት መሰል ልባስ ባላቸው ፈጣን ክሮች ላይ ጉዞው በሰከንድ 100 ሜትር ያህል ሲደርስ፣ ልባስ በሌላቸው ቀጫጭን ክሮች ላይ ግን በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ ነው።

በክሩ ጫፍና በቀጣዩ ሕዋስ መካከል፣ የደቻቱ ወንዝ ከዚራንና መጋላን እንደሚለያይ ሁሉ፣ የሚለያይ ክፍተት አለ። ስፋቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሃምሳ ሺህኛ ያህል ነው። መልዕክቱ ይህን ክፍተት በአብዛኛው የሚሻገረው በኬሚካል አማካይነት መሆኑን ኦቶ ሎዊ የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1921 ይፋ ባደረገው ሙከራ አሳይቷል። ሎዊ የአንዲት እንቁራሪትን ልብ ምት የሚያዘገየውን ነርቭ ከቀሰቀሰ በኋላ ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ወደ ሌላ እንቁራሪት ልብ ሲያስተላልፍ የሁለተኛውም ምት ዘግይቷል። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ከእነዚህ መልዕክት አድራሽ ኬሚካሎች መካከል ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ይገኙበታል። በክሩ ጫፍ በጥቃቅን ከረጢቶች ተከማችተው ይቆያሉ፤ ትዕዛዝ ሲደርስ በመጠን ይለቀቃሉ። ሥራቸውን እንደጨረሱም አብዛኞቹ ወደ ላካቸው ሕዋስ ተመልሰው ይገባሉ።

ጫት ጣልቃ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን የተባለው የቅጠሉ ንጥረ ነገር የተከማቹት ኬሚካሎች ያለ ትዕዛዝ እንዲወጡና ተመልሰው እንዳይገቡ ያደርጋል። በዚህም ቀጣዮቹ ሕዋሳት ማንም ያልላከውን መልዕክት ይቀበላሉ። ቃሚው ይነቃል፣ ጨዋታ ይበዛለታል፣ ረሃብና ድካም ይጠፋበታል፤ የልቡ ምትና የደም ግፊቱም ይጨምራል። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖን እጅግ ደካማ ወደሆነው ካቲን ስለሚለወጥ ነው የጫት ንግድ ጥድፊያ የማይለየው።

ስለሆነም ጫት ለአካል አዲስ ጉልበት አይጨምርም፤ ከራሱ ከሕዋሱ ጎተራ ያስወጣል እንጂ። ምርቃናው ሲበርድ ድካምና መከፋት ይከተላሉ። ልማድ የሆነበት ሰው ሲያቋርጥ ደግሞ ሐራራ ይይዘዋል፤ ቃሚዎች "ዱካክ" የሚሉት ቅዠትና መረበሽም ሊከተለው ይችላል። ምርቃናን ለመስበር በአልኮል "ጨብሲ" ማድረግም ጎተራውን አይሞላም፤ በሌላ መንገድ የነርቮችን ሥራ ያዳክማል እንጂ።

ጉዳዩ በተለይ ሌሊቱን ለሚያሽከረክር ሾፌርና ለፈተና ለሚያጠና ተማሪ ቀላል አይደለም። ንቃቱ የእንቅልፍን ዕዳ ይሸፍነዋል እንጂ አይከፍለውም፤ ድካሙም መሪ እንደተጨበጠ ሊመለስ ይችላል። አንጎል ቀን የተማረውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ጊዜ በመሆኑ ሌሊቱን በምርቃና ያሳለፈ ተማሪ ያነበበውን በሚገባ ላያስታውስ ይችላል።

ጫት የበርካታ ቤተሰቦች መተዳደሪያ፣ ለአገርም የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ነው። የነርቭ ሕዋሳት ሕግ ግን ከገበያው ጋር አይለወጥም። የወጣው ኬሚካል የሚተካው ከምግብ በሚገኙ ንጥረ ነገሮችና በጊዜ ሲሆን፣ የእንቅልፍን ዕዳ የሚከፍለው ደግሞ እንቅልፍ ብቻ ነው።