መብራት የጠፋበት ሰርቨር

ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ ኮፐንሃገን በሚገኘው የሜርስክ ዋና መሥሪያ ቤት የኮምፒውተሮች ስክሪን ተራ በተራ ጨለመ። ሠራተኞች ከክፍል ክፍል እየሮጡ ገመድ ይነቅሉ፣ ባልደረቦቻቸውም ቶሎ እንዲያጠፉ ይወተውቱ ጀመር። ሜርስክ በዓለም ግዙፍ ከሆኑት የመርከብ ድርጅቶች አንዱ ነው፤ በጅቡቲ መንገድ የሚመላለስ ሾፌር ስሙ የተጻፈበትን ኮንቴይነር አሳምሮ ያውቀዋል። ያን ቀን ግን ድርጅቱ በሚያስተዳድራቸው በርካታ ወደቦች በር ላይ ከባድ መኪናዎች ተሰልፈው ቀሩ። የትኛው ጭነት የማን እንደሆነ የሚናገር ሲስተም አልነበረም።

ይህን ያደረሰው ኖትፔትያ የተባለ ቫይረስ ሲሆን የተነሣው ከዩክሬን ነው። በዚያ አገር ብዙ ድርጅቶች ለግብርና ለሂሳብ ሥራ የሚጠቀሙበት ኤም.ኢ.ዶክ የሚባል ሶፍትዌር ነበር። አጥቂዎቹ የሶፍትዌሩን ማሻሻያ የሚያድለውን ሰርቨር ሰብረው ገቡና ቫይረሱን በማሻሻያው ውስጥ አሾልከው ላኩት። የሜርስክ የኦዴሳ ቢሮ ይህ ሶፍትዌር የተጫነበት ኮምፒውተር ነበረው። ከዚያ ወዲያ ቫይረሱ ሰው አላስፈለገውም። ዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ፋይል በሚጋሩበት በ445 ፖርት (የኔትወርክ በር) እየገባ በደቂቃዎች ውስጥ ኔትወርኩን አዳረሰ። ማይክሮሶፍት ቫይረሱ ለገባበት የዊንዶውስ ቀዳዳ መጠገኛ ያወጣው ከሦስት ወር በፊት፣ መጋቢት 5 ቀን ነበር፤ ሆኖም ቫይረሱ ከአንዱ ኮምፒውተር ሜሞሪ የይለፍ ቃል እየሰረቀ መጠገኛው ወደተጫነባቸውም ይገባ ነበር። በስክሪኑ ላይ ገንዘብ ክፈሉ ይል እንጂ የከፈለም ፋይሉን አያገኝም። ሥራው ማጥፋት ብቻ ነበር።

ሜርስክ የመልሶ ግንባታ ማዕከሉን እንግሊዝ ውስጥ በሜይደንሄድ ከተማ አቋቋመ። ባለሙያዎቹ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ሲፈልጉ የብዙዎቹን ሰርቨሮች ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ዕድሜ ያለው ቅጂ አገኙ። እፎይ ሊሉ ሲሉ ግን አንድ ነገር ጎደለ። ማን ወደ የትኛው ሲስተም እንዲገባ እንደተፈቀደለት መዝግበው የሚይዙት ዶሜይን ኮንትሮለር የሚባሉት ሰርቨሮች ቅጂ የትም አልነበረም። እነሱ ካልተነሡ ደግሞ ሌላው ቢመለስም አይሠራም።

ያልነበረው በቸልተኝነት ብቻ አልነበረም፤ የታሰበበት አሠራር ነበረው። ወደ 150 የሚጠጉት ዶሜይን ኮንትሮለሮች መረጃቸውን ያለማቋረጥ እርስ በርስ ይለዋወጡ ነበር፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይተካዋል ተብሎ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። እርስ በርስ ያለገደብ በመገናኘታቸው ደኅንነት ያገኙ የመሰላቸው ሰርቨሮች፣ በዚያው ግንኙነት አብረው ጠፉ።

ፍለጋው ወደየአገሩ ቢሮ ዞረ። ባለሙያዎቹ በመቶ የሚቆጠሩ የአይቲ ሠራተኞችን በስልክ ካሰሱ በኋላ አንድ ሰርቨር ብቻ በሕይወት ተገኘ፤ ጋና ውስጥ። ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት ቢሮው መብራት ጠፍቶበት ሰርቨሩ ከኔትወርኩ ወጥቶ ነበር። ቫይረሱ በ445 ሲያንኳኳ የሚከፍትለት አልነበረም።

መረጃውን ወደ እንግሊዝ ለመላክ የጋናው መስመር ቀጭን ስለነበር ቀናት ይፈጅ ነበር። ሰው እንዳይልኩ የጋና ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ አልነበራቸውም። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ሃርድ ዲስኩን ይዞ ወደ ናይጄሪያ በረረ፤ በአውሮፕላን ማረፊያም ወደ ለንደን ለሚሄድ ባልደረባ አስረከበ። የያኔው የሜርስክ ሊቀመንበር ጂም ሃገማን ስናቤ በ2010 ዓ.ም. በዳቮስ ጉባኤ ሲናገሩ፣ ድርጅቱ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒውተሮችን በ10 ቀን ውስጥ እንደ አዲስ መጫኑን ገልጸዋል። ኪሳራው እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል።

ሜርስክ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የተማረው ነገር በትንሽ ቢሮም ያው ነው። አኖ ከባኮ አልፎ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የጎቡ ሰዮ ወረዳ ከተማ ናት። በአኖ ያለ ቅርንጫፍ ቢሮ የቀን ሥራውን ማታ ማታ ነቀምቴ ወዳለው ዋና ሰርቨር ይልካል እንበል። የተጫነው ባኩላ ይሁን፤ ከርን ሲባልድ በ2000 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመረው፣ በነፃ የሚገኝ የባክአፕ ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ ተጭኖ ባክአፑ እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ፋየርዎሉን አጥፋውና ሞክር» የሚል ነው፤ ፋየርዎል የትኛው ፖርት ለማን እንደሚከፈት የሚወስነው ጠባቂ ነው። ሲጠፋ ይሠራል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው፤ የሠራ ነገር የሚነካው የለምና ፋየርዎሉ እንደጠፋ ይቀራል። አንድ ፖርት ያስፈለገው ቢሮ 65,535ቱንም ከፍቶ ያድራል፤ 445ም በውስጡ አለ።

ጥፋቱን ለማግኘት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማን ለማን እንደሚደውል ነው። ባኩላ ሦስት ክፍል አለው። ሥራውን የሚያዘው ክፍል በ9101፣ ፋይሉ ባለበት ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጠው ደንበኛ በ9102፣ ቅጂውን ተቀብሎ የሚያስቀምጠው ማከማቻ በ9103 ያዳምጣል። ሰዓቱ ሲደርስ አዛዡ ከነቀምቴ ተነሥቶ አኖ ላለው ኮምፒውተር በ9102 ይደውላል። ስለዚህ የአኖው ፋየርዎል 9102ን ከነቀምቴው ሰርቨር አድራሻ ብቻ መቀበል አለበት። ይህ ከተስተካከለ በኋላ ሁኔታው ሲታይ ኮምፒውተሩ «አለሁ» ይላል፤ ሥራው ግን ደንበኛው ከማከማቻው ጋር እስኪገናኝ እየጠበቀ ነው የሚል መልእክት ይዞ አንድ ፋይል ሳያስተላልፍ ይቆማል።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ያለው በሁለተኛው ጥሪ ነው። ትእዛዙን የተቀበለው የአኖው ኮምፒውተር መረጃውን በመጣው መስመር አይመልስም፤ ራሱ ተነሥቶ ነቀምቴ ላለው ማከማቻ በ9103 ይደውላል። ስለዚህ የነቀምቴው ፋየርዎልም 9103ን ከአኖ አድራሻ ብቻ እንዲቀበል መታዘዝ አለበት። በአንድ ወገን የተከፈተ ፖርት ለሌላው ወገን አይበቃም።

ሙከራውም ቀላል ነው። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ፖርት በቴልኔት ይሞከራል። መልሱ ወዲያው እምቢታ ከሆነ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ጋ ተደርሷል፤ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ግን አልተነሣም። ምንም ሳይል ቆይቶ ሰዓቱ ካለፈበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ያለ ፋየርዎል ጥሪውን በዝምታ ጥሎታል። በደንብ ተጀምሮ ሁልጊዜ ከተመሳሳይ ጊዜ በኋላ የሚቋረጥ ባክአፕ ካለ ሌላ ምክንያት ይጠረጠራል። ትልቁ ፋይል በ9103 ሲጓዝ የ9102 መስመር ዝም ይላል፤ ፋየርዎሉ የሞተ መስሎት ይቆርጠዋል። ባኩላ በየጊዜው አጭር ምልክት እየላከ መስመሩን እንዲያቆይ ማዘዝ ይቻላል። ሁለቱ ከተሞች የሚገናኙት በኢንተርኔት ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ውስጥ ማለፍ አለበት፤ እነዚህ ፖርቶች ለዓለም ሁሉ ክፍት ሆነው መታየት የለባቸውም።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላም ከጋና የተገኘው ትምህርት ይቀራል። ፖርቱ የቱንም ያህል ቢጠብ ከኔትወርኩ ጋር የተያያዘ ቅጂ ከኔትወርኩ ጋር ሊጠፋ ይችላል። መስመሩ ራሱም አይታመንም፤ በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ተቋርጦ ቆይቷል። ስለዚህ ተራ በተራ የሚቀያየሩ ሁለት ሃርድ ዲስኮች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ገመዱ ተነቅሎ ከቢሮው ውጭ ተቆልፎበት ይቀመጣል። በየጊዜውም ከዚያ ዲስክ ላይ አንድ ፋይል መልሶ መክፈት ግድ ነው፤ ተመልሶ ያልተከፈተ ቅጂ ቅጂ መሆኑ አልተረጋገጠም።

ሜርስክን ያተረፈው መብራት መጥፋቱ ነው፤ ዕድል ነው። የወረዳ ጤና ጣቢያ የሕሙማን መዝገብ፣ የቁጠባ ማኅበር የአባላት ሂሳብ፣ የትምህርት ቤት ውጤት ግን በዕድል መጠበቅ የለበትም። የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ማን ለማን፣ ከየት ወዴት፣ በየትኛው ፖርት እንደሚደውል የተጻፈበት። በዚያ ገጽ ላይ የሌለ ፖርት ሁሉ ይዘጋ። ያን ገጽ የጻፈ ባለሙያ ቢሮውን ለቅቆ ቢሄድ እንኳ የሚተካው ሰው ፋየርዎሉን ማጥፋት ሳያስፈልገው ሥራውን ይቀጥላል።