ሦስት የጦር ሠፈሮች በአንድ አስተዳደር

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶች ምሳሌ በጦርነትም በንግድም እውነተኛነቱ የታወቀ ነው። ሆኖም ኅብረት ኃይልን መጨመሩ አንድ ነገር ሲሆን፤ ወጪን መቀነሱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ይህንን ልዩነት በግልጥ ከሚያስረዱት ሥራዎች አንዱ የአሜሪካ መንግሥት የምድር ጦር፤ የአየር ኃይልና የባሕር ኃይል ሠፈሮችን በማዋሐድ ያቋቋማቸው የጋራ ሠፈሮች ናቸው።

የሥራው መነሻ በ2005 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። በዚያ ዓመት ስለ ጦር ሠፈሮች መዘጋትና መደልደል የሚመረምረው ኮሚሲዮን 26 ሠፈሮች ተጠቃልለው 12 የጋራ ሠፈሮች እንዲሆኑ ወሰነ። ምክንያቱም ለማንም የሚገባ ነበር። አጥር ለአጥር የሚዋሰኑ ሠፈሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን እሳት አጥፊ ክፍል፤ የግዥ ክፍል፤ የመንገድና የሕንፃ ጥገና ክፍል ይዘው ይኖሩ ስለ ነበር፤ አንድ አስተዳደር ቢበቃቸው ብዙ ገንዘብ ይተርፋል ተብሎ ታሰበ።

ከእነዚህም መካከል ሦስቱን የጦር ክፍሎች በአንድነት የያዘው በኒው ጀርሲ ግዛት የሚገኘው የማክጓየር፤ ዲክስና ሌክኸርስት የጋራ ሠፈር ነው። ዲክስ በ1917 የምድር ጦር ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተ ነው። ማክጓየር የአየር ኃይል ዕቃ ጫኝ አውሮፕላኖችና በአየር ላይ ነዳጅ የሚያድሉ አውሮፕላኖች የሚነሡበት ነው። ሌክኸርስት ደግሞ በ1937 ሂንደንቡርግ የተባለው የጀርመን የአየር መርከብ የተቃጠለበት ቦታ ሲሆን፤ ዛሬ የባሕር ኃይል አውሮፕላኖችን ከመርከብ ላይ የሚያስወነጭፉና ሲያርፉ የሚይዙ መሣሪያዎች ይመረመሩበታል። ሦስቱ በ2009 ኦክቶበር 1 ቀን ተዋሐዱ። የመሬቱም ስፋት 42,000 ኤክር፤ ማለት 17,000 ሄክታር ያህል ስለ ሆነ፤ በእኛ አገር ልማድ በጋሻ ቢቈጠር ወደ 425 ጋሻ ይጠጋል።

የጋራ ሠፈር አደረጃጀት በሁለት ነገሮች መለየት ላይ የቆመ ነው። እነርሱም ውጊያና ኑሮ ናቸው። የጦር ክፍሎቹ የውጊያ ሥራ አልተቀላቀለም፤ አውሮፕላኑን የሚያዝዘው አየር ኃይል ነው፤ የባሕር ኃይሉም መሐንዲስ ለባሕር ኃይል አለቃው ይታዘዛል። የተቀላቀለው የኑሮው ክፍል ነው። የእሳት መከላከል፤ የመንገድ ጥገና፤ የቆሻሻ ማንሣት፤ የመኖሪያ ቤትና የሕፃናት መዋያ አስተዳደር ለአንድ መሪ ክፍል ተሰጥቷል። በማክጓየር፤ ዲክስና ሌክኸርስት ይህን የሚያከናውነው የአየር ኃይሉ 87ኛ የአየር ሠፈር ክንፍ ነው። አዛዡ የአየር ኃይል ኮሎኔል ሲሆን፤ ከምድር ጦርና ከባሕር ኃይል ምክትሎች አሉት። ሕንፃዎቹ፤ በጀቱና አገልግሎቱን የሚሰጡት ሲቪል ሠራተኞች ወደ መሪው ክፍል ተዛውረዋል። እርስ በርስ የሚኖራቸው ግዴታም በጽሑፍ ውል ተወስኗል።

ችግሩ የተገኘው በመለኪያው ላይ ነው። አንዱ የጦር ክፍል በቂ ነው የሚለውን አገልግሎት ሌላው እንደ ጉድለት ይቈጥረው ነበር። ስለዚህ የመከላከያ ሚኒስቴሩ ለእያንዳንዱ አገልግሎት የጋራ መለኪያ አወጣ። ነገር ግን መለኪያው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይከፈልበት ከነበረው ደረጃ ከፍ ያለ ሆነ። የኮንግረሱ የሒሳብ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2009 ባወጣው ዘገባ፤ በዚህ ምክንያት የሠፈሮቹ የአገልግሎት ወጪ በመቀነስ ፈንታ ሊጨምር እንደሚችል አስጠነቀቀ። በ2012 ደግሞ የባሰውን ቊጥር አወጣ። በ2005 በ20 ዓመት ውስጥ ይተርፋል ተብሎ የተገመተው 2 ቢሊዮን 300 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፤ በአዲሱ ግምት 249 ሚሊዮን ብቻ ሆነ። ከመቶ ዘጠና እጅ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ እንደ ገለጠው፤ ሠፈሮቹ ገንዘብ ለማትረፍ የሚመሩበት የተዘጋጀ ዕቅድ አልነበረም።

ይህ ጉዳይ ከአጥሩ ውጭ ያለውን ነጋዴም የሚመለከት ነው። ወታደሩ በሠፈሩ ውስጥ የሚገዛው ምግብ በቅናሽ ዋጋ ላይ ከመቶ 5 ተጨምሮበት፤ ያለ ሽያጭ ግብር ይሸጥለታል። ስለዚህ የአካባቢው ባለሱቅ በዱቄትና በሥጋ ሊወዳደረው አይችልም። የነጋዴው ጥቅም የሚገኘው ከቤት ኪራይ፤ ከመኪና ጥገና፤ ከምግብ ቤትና ከሁሉ በላይ ከጨረታ ነው። ይሁን እንጂ ሦስት የግዥ ክፍሎች አንድ ሲሆኑ ሦስት ትናንሽ ውሎች አንድ ትልቅ ውል ሊሆኑ ይችላሉ። ትልቁንም ውል ለመፈጸም ብዙ መኪናና ብዙ ዋስትና ያስፈልጋል። ሁለት የቆሻሻ መኪና ያለው ሰው አንዱን ሠፈር ሊያገለግል ይችል ይሆናል፤ ሦስቱን ግን አይችልም። የአሜሪካ ሕግ ከመንግሥት ዋና ውሎች ዋጋ ከመቶ 23 ለትናንሽ ድርጅቶች እንዲደርስ ግብ ማድረጉ ይህንን ጉዳት ለማቃለል ይረዳል። እንዲሁም የ2013 የመከላከያ ሕግ ሠፈሮች የከተማ አገልግሎትን ከጎረቤት ማዘጋጃ ቤቶች በስምምነት እንዲገዙ ፈቅዷል። እንዲህ ያለው ስምምነት ለሠፈሩም ለከተማውም ሊጠቅም የሚችል ነው፤ ነገር ግን ማዘጋጃ ቤቱ የሚይዘው ሥራ ለግል ተቋራጭ የማይቀርብ ሥራ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

የጋራ ሠፈሮቹ እስከ ዛሬ ሥራቸውን ቀጥለዋል። ለመዋሐድ ለሚያስቡ የንግድ ማኅበሮች የሚሰጡት ትምህርትም ግልጥ ነው። ሁለት ድርጅቶች አንድ መጋዘን፤ አንድ ሒሳብ ሹምና አንድ ማኅተም ሲይዙ ትርፉ በራሱ ይመጣል ብሎ ማመን ስሕተት ነው። የሠራተኛው ደመወዝ፤ የዕቃው ጥራትና የደንበኛው አቀባበል በየትኛው ድርጅት ልማድ እንደሚመራ አስቀድሞ ካልተወሰነ፤ ሁሉም የሚስማማው ውድ በሆነው ልማድ ላይ ነው፤ ማንም የለመደውን ማጣት አይወድምና። እንግዲህ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የአገልግሎቱ ልክና ዋጋው ይጻፍ፤ ወጪውን የሚቈጣጠረውም ሰው ይመደብ። የተጣመሩ በሬዎች እርሻውን የሚያርሱት በአንድ ቀንበር ስለ ገቡ ብቻ ሳይሆን፤ እርፉን የያዘው ገበሬ ወዴት እንደሚሄድ ስለሚያውቅ ነው።