በክረምት ወራት ወደ ሞቃት ባሕር ስለ መጓዝ



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ የዓመት ዕረፍትና የባሕር ጠረፍ ነው። በአቃቂ ቃሊቲ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ፣ ልጆቹ ከትምህርት የሚያርፉት በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ፣ ፈቃዱን በዚሁ ወራት መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ሰማዩ ዳምኗል፤ ዋልካው ጫማ ይይዛል፤ የአቃቂም ወንዝ ሞልቷል። እንግዲህ «አይሮፕላን ተሳፍሬ ወደ ሞቃት ባሕር ብወርድ» ብሎ ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያጠራቀመውን ገንዘብ ከማውጣቱ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ባሕር ሁሉ በአንድ ወራት መልካም አለመሆኑ ነው።

ቀድሞ ባሕር ሲባል የአገራችን ሰው አሳብ ወደ ምጽዋ ይሄድ ነበር። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ግን ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ወደ አሥመራ የሚደረገውም በረራ በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ተቋረጠ፤ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. እንደገና ተጀምሮ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ዳግመኛ ቆመ። ስለዚህ መንገደኛው የሚመርጠው ከጎረቤት ጠረፎችና ከሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ነው።

ከሁሉ ቅርብ የሆነችው ጅቡቲ ናት። የአቃቂ ሰው ለእርስዋ ባዕድ አይደለም፤ የድሮው ባቡር በአቃቂ አልፎ የሚወርደው ወደዚያ ነበርና። ዛሬ በአይሮፕላን መንገዱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ሆኖም በሐምሌ የጅቡቲ የቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ልጆች ይዞ ለመሄድ የሚመረጠው ሙቀቱ ለዘብ የሚልበት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። እንግዲህ ቅርብ መሆኑ ብቻ ምርጫውን አይወስንም።

ታዲያ በእኛ ክረምት ወዴት ይኬዳል? ዝናም የሚያዘንበው የደመና መቀነት ፀሐይን እየተከተለ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። በሐምሌ ወደ ሰሜን መጥቶ በእኛ ላይ ሲያዘንብ፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ያለው ጠረፍ በጋ ይሆንለታል። በዚያ ወራት ከደቡብ የሚነፍሰውን ነፋስ የዛንዚባር ሰዎች «ኩሲ» ይሉታል፤ በታኅሣሥና በጥር ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣውን ደግሞ «ካስካዚ» ይሉታል። የዐረብና የሕንድ ነጋዴዎች በካስካዚ ወርደው በኩሲ ይመለሱ የነበሩት ይህን ሥርዓት ስላወቁ ነው።

ከዚህ የተነሣ ከሦስት ሰዓት ገደማ በረራ በኋላ የምትገኘው ዛንዚባር ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናም አይበዛባትም፤ ሙቀትዋም 25 ዲግሪ ያህል ነው። በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት ግን ብርቱ ዝናም ስላለ መሄድ አይመከርም። በምሥራቅ ጠረፍዋ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እጅግ ርቆ ስለሚሸሽ፣ መዋኘት የሚሻ ሰው ውሃው የሚመለስበትን ሰዓት አስቀድሞ ይጠይቅ። ሞምባሳም ከዛንዚባር ጋር ተመሳሳይ ናት፤ ሆኖም በሐምሌ ጥቂት ዝናም አይጠፋባትም። ሲሸልስ ደግሞ የአይሮፕላን ማረፊያዋ በ1963 ዓ.ም. እስኪከፈት ድረስ በመርከብ ብቻ የሚደረስባት አገር ነበረች። በእኛ ክረምት ዝናሙ ያንስባታል፤ ነገር ግን ነፋሱ የደቡብ ምሥራቁን ባሕር ስለሚያናውጥ፣ በማሄ ደሴት በሰሜን ምዕራብ በኩል እንደ ቦ ቫሎን ያለውን ጸጥተኛ ጠረፍ መምረጥ ይበጃል።

ስለ ጤናም ጥቂት እንጨምር። አቃቂ ቃሊቲ ከባሕር በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለ ነው። ወደ ጠረፍ የወረደ ደገኛ እርጥበቱ ላቡን ስለማያደርቅለት ፈጥኖ ይደክማል፤ ስለሆነም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በዝግታ ማሳለፍ ይገባል። በዛንዚባርና በሞምባሳ ወባ አለ። ደገኛ ደግሞ በሽታውን የለመደ አካል የለውምና፣ ከመነሣትዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ፤ በዚያም አጎበር አይለይዎ። የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀትም ይጠየቃል፤ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አይተዉት።

ወጪው ከአቅም በላይ ቢሆንስ? የዝናሙ ሥርዓት በአገራችንም ውስጥ ይለያያል። አርባ ምንጭ ዋናው ዝናም የሚወርድባት በሚያዝያና በግንቦት፣ ቀጥሎም በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ በሐምሌ ከአዲስ አበባ ይልቅ ትቀላለች። የአይሮፕላን ማረፊያ አላት፤ ሞቃት ናት፤ የአባያንና የጫሞን ሐይቆችም ታሳያለች። ይሁን እንጂ በጫሞ አዞ ስላለ ውሃውን ከዳር ሆኖ መመልከት እንጂ መዋኘት አይገባም።

እንግዲህ፣ ክቡር አንባቢ፣ የፈቃድ መጠየቂያዎን ከመጻፍዎ በፊት በመጀመሪያ ወሩን፣ ቀጥሎ ቦታውን፣ በመጨረሻም ዋጋውን ይመርምሩ። በሐምሌ ጅቡቲ ወርዶ በሙቀት የተቃጠለ፣ ወይም በሚያዝያ ዛንዚባር ሄዶ ዝናም በመስኮት ሲያይ የሰነበተ ቤተ ሰብ፣ የዓመት ቁጠባውን አውጥቶ ሳያርፍ ይመለሳል። ወሩን መርጦ የሄደ ግን ለልጆቹ ባሕርን አሳይቶ፣ ራሱም አርፎ ወደ ሥራው ይገባል።