ጉሬዛ ያለበት ባሕር ዳርቻ

የቤተሰብ ዕረፍት ሲታሰብ ባሕር የሚያምራችሁ ጥቂቶች አይደላችሁም። ዳሩ ግን ልጆች ሁለት ቀን አሸዋ ሲቆፍሩ ከዋሉ በኋላ በሦስተኛው ቀን «ዛሬስ ምን እናያለን?» ማለታቸው አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ካላቸው ሥፍራዎች አንዱ በጎረቤታችን በኬንያ፣ ከሞምባሳ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ዲያኒ ነው።

በዲያኒ ነጩ አሸዋ ሲያበቃ ጫካው ይጀምራል። ብዙዎቹ ሆቴሎች የተሠሩት እዚያው ዛፍ መካከል ስለሆነ፣ ቁርስ ላይ ሳላችሁ ከጣራው በላይ አንድ ነገር ዘሎ ቢያልፍ አትደንግጡ፤ ጉሬዛ ነው። በወንዶ ገነትና በመናገሻ ጫካ ለምናውቀው ጉሬዛ የቅርብ ዘመድ! ሳይንቲስቶች ለእኛው ጉሬዛ የሰጡት ስም ራሱ ከአማርኛ የተወሰደ መሆኑን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። የዲያኒው ጉሬዛ ፊቱን የከበበና ከትከሻው የሚወርድ ረጅም ነጭ ጸጉር አለው፤ አውራ ጣቱ የለም ለማለት ይቻላል፤ ግልገሉም ሲወለድ ነጭ ነው።

ይህ እንስሳ ከዛፍ ወደ ዛፍ ለመሄድ የባሕር ዳሩን አስፋልት መሻገር ግድ ሆኖበት ብዙ ጊዜ በመኪና ተገጭቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 እርሱን ለመታደግ የተቋቋመ ድርጅት ከመንገዱ በላይ የገመድ መሰላሎችን ዘርግቶለታል። ከመኪና ወርዳችሁ ትንሽ ብትጠብቁ ከነግልገሉ ሲሻገር ታዩ ይሆናል። ለልጆች ከዚህ የተሻለ ትርኢት አላውቅም፤ ክፍያም የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጉሬዛው ቅጠል በሊታ ስለሆነ ከጠረጴዛችሁ ብዙ አይፈልግም። እጅ የሚያዩት ጦጣዎቹና ዝንጀሮዎቹ ናቸው። ፎቶግራፉ እንዲያምር ብሎ ለልጁ ሙዝ አስይዞ ጦጣ የሚያስጠጋ ወላጅ በየሆቴሉ አይጠፋም። ጦጣ ግን ስጦታና ቅሚያ አይለይም። ዛሬ ከእናንተ ልጅ እጅ የተቀበለ፣ ነገ ባዶ እጁን ከቆመ ከሌላ ሰው ልጅ ይነጥቃል፤ ሲከለከልም ይነክሳል። የጦጣ ንክሻ የእብድ ውሻ በሽታን ሊያስተላልፍ ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነው። መዘዙ ለእንስሳውም ይተርፋል፤ መንካትና መንጠቅ የለመደ ጦጣ ይባረራል፣ አንዳንዴም ይገደላል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት እቤት ተነጋገሩበት፤ እናያለን፣ አናበላም፣ አንነካም። በረንዳ ላይ ምግብ አትተዉ፤ የመኝታ ክፍል መስኮትም ዝጉ።

ከባሕሩ ፈቀቅ ሲሉ የሺምባ ሂልስ ጥብቅ ደን አለ። ለግማሽ ቀን ይበቃል። ዝሆን አለ፤ ደግሞም ቀንዱ እንደ ማጭድ ወደ ኋላ የታጠፈው ሴብል የሚባለው አጋዘን በኬንያ የሚገኘው በዚህ ብቻ ነው። ከጠባቂ ጋር በእግር ወደ ሼልድሪክ ፏፏቴ መውረድ ይቻላል። መውረዱ ቀላል ነው፤ ሽቅብ ሲመለሱ ግን ትንንሽ ልጆችን መሸከም ሊመጣ ነው፤ አስቡበት። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ፕላስቲክ ወደ ኬንያ ፓርኮች ስለማይገባ ውኃችሁን በኮዳ ያዙ።

ባሕሩን በተመለከተ፣ ከዳርቻው ራቅ ብሎ ያለው የኮራል አጥር ትልልቁን ማዕበል ይሰብራል። ይህ ግን አያዘናጋችሁ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ በአንዳንድ ቀናት ልዩነቱ ከ3 ሜትር በላይ ነው። ሲሸሽ በየጉድጓዱ የቀሩትን ዓሦች ማየት ልጆችን ያስፈነድቃል፤ የመመለሻውን ሰዓት ሆቴሉን ሳትጠይቁ ግን ርቃችሁ አትሂዱ። ጥቁር እሾሃም ፍጥረታት ስላሉም በባዶ እግር አይኬድም። ከሺሞኒ በጀልባ ወደ ኪሲቴ የባሕር ፓርክ ለሚሄዱ ዶልፊንና የባሕር ኤሊ የማየት ዕድል አለ፤ የልጆቹ የመንሳፈፊያ ጃኬት በልካቸው መሆኑን አይታችሁ ተሳፈሩ።

የቀረው ወባ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ የነበሩት ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ሞምባሳ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1844 ነበር። በዚያው ዓመት ባለቤታቸው ሮዚና በንዳድ ዐረፉ፤ አዲስ የተወለደችው ልጃቸውም ተከተለቻቸው። መቃብሩ ዛሬም በሞምባሳ አለ። ዛሬ መድኃኒት አለ፤ ሆኖም የአዲስ አበባ ልጅ ወባን የሚቋቋምበት የተለመደ አቅም የለውም። ከጉዞው ቀደም ብላችሁ ሐኪም አማክሩ፤ መከላከያው ከመሄድ በፊት ተጀምሮ ከተመለሱም በኋላ የሚወሰድ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁንም አትርሱ። ማታ ማታ እጅጌው ረጅም ልብስና አጎበር ይጠቅማል። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከልጆቹ አንዱን ቢያተኩሰው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትቆዩ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱትና «ሞምባሳ ነበርን» በሉ።